ያነባል፤ ግን አያነብም፦ በጅማ ከተማ የአንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃቸውን አስከትለው ጅማ ሂርማታ አካባቢ ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። እናትየው በመርካቶ ዳር የጀበና ቡና ይሸጣሉ፤ ባለቤታቸው ባጃጅ ይነዳሉ። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። ችግሩን ሲነግሩኝ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ለነበረው የስምንት ወር ሥራ ሁሉ መነሻ ስለሆነ እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦ «ቲቸር፣ ልጄ ያነባል፤ ግን አያነብም።»

እኔ በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት በአንደኛ ደረጃ አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም፤ የምጽፈው ያየሁትንና ከቤተሰቡ ጋር አብሬ የሠራሁትን ነው። ወላጆቹ ፈቅደውልኛል፤ የልጁን ስምና ትምህርት ቤቱን ግን አልጠቅስም። እናቱ በቤት ውስጥ «አቡሽ» ስለሚሉት እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

አቡሽ የአማርኛ መጽሐፉን ከቦርሳው አወጣና ራሱ የመረጠውን ገጽ ገልጦ ከላይ እስከ ታች አንበለበለው። አራት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ጥያቄ ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እናቱ «ይኸው» በሚል ዓይን እኔን እኔን ያዩ ነበር። እኔ የማየው ግን ጣቱን ነበር፤ አፉ አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና ሦስተኛው ላይ ነበረች። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ የመጨረሻውን መስመር ብቻ እንዲያነብልኝ ስጠይቀው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ከላይ ልጀምር?» አለኝ።

ገጹን የያዘው እንደ መዝሙር ነበር፤ ከመካከሉ መግባት አይችልም። በክፍል ውስጥ ከእሱ በፊት ተራ የደረሳቸው ልጆች ሲያነቡ እየሰማ፣ ማታም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እህቱ ስታነብለት እየሰማ፣ መጽሐፉን በጆሮው ሸምድዶታል። አባቱ ይህን ልጅ «ሰነፍ» ሲሉት የኖሩ ቢሆንም፣ እንደ እኔ እምነት ማንበብ ሳይችሉ የሚያነቡ መስሎ ለመታየት ሦስት ዓመት መድከም ከክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ድካም የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ቀጥዬ በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚያየውን «ትምህርት» የሚለውን ቃል በባዶ ወረቀት ላይ ለብቻው ጻፍሁለት። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የቀኝ እጁ አውራ ጣትም ከጠረጴዛው ሥር የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ ይነካ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት» ይላል። ከዚያ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም»። ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ምን እንደነበረ ጠፍቶት ወደ ኋላ ተመለሰ።

በዚያች ቅጽበት ያየሁትን በቁጥር ማስላት ይቻላል። ግዕዙ አንድ፣ ካዕቡ ሁለት፣ ሣልሱ ሦስት እያልን ብንቆጥር «ቡና» የሚለው ቃል ሁለትና አራት፣ በድምሩ ስድስት እርምጃ ይጠይቀዋል። «ትምህርት» ግን አምስቱም ፊደላቱ ሳድስ ስለሆኑ አምስት ጊዜ ስድስት፣ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሠላሳ እርምጃ ተጉዞ የቃሉን መነሻ ማስታወስ ለአዋቂም ይከብዳል። አቡሽ ፊደል አያውቅም ማለት ስህተት ነበር፤ ፊደልን የሚያውቀው በመደዳው ውስጥ ብቻ ነበር እንጂ። መደዳውን ከመነሻው ካልዘመረው ፊደሉን አያገኘውም።

አሮጌው አቡጊዳ

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይኖርብኛል። እኔ ራሴ በክፍል ውስጥ ያስተማርሁት እንደዚሁ ነው። የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በስንደዶ እየጠቆምሁ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲሉ እሰማና ፊደል ለየ ብዬ አልፋለሁ። ከስድሳ በላይ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲጮህ የማያውቀውን ልጅ ድምፅ መለየት አይቻልም። ስንት አቡሽ በእጄ እንዳለፈ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ግን ይህን ጉድጓድ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚባለውን ሌላ ገበታ ያስቆጥሩታል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ በየፊደሉ ቤቱም ድምፁም የሚቀያየርበት ነው። በዚህ ገበታ ላይ ዜማ ብቻውን አያድንም፤ «ቡ»ን ለማወቅ «ቡ»ን ራሷን ማየት ያስፈልጋል። እኔ በሠራሁባቸው ክፍሎች ሀሁው ብቻ ቀርቶልን አቡጊዳው ተረስቷል። ለአቡሽ ያሰብሁት መድኃኒት እንግዲህ ከሩቅ የመጣ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የራሱን አቡጊዳ እንዲሠራ ማድረግ ነበር።

መጀመሪያ ግን መለካት ነበረብን። እህቱ ከአሮጌ ካላንደር ጀርባ 231 ካርዶች ቆረጠች፤ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ማለት ነው። ካርዶቹን አደባልቀን በሦስት ቀን ከፋፍለን አሳየነው፤ ሳይቆጥር ወዲያው የለየውን ብቻ ያዝንለት። 117 ለየ። ከ33ቱ ግዕዞች 30 ሲለይ ከ33ቱ ሳድሶች የለየው 5 ብቻ ነበር።

ይህ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ይጨምራል፤ ሣልስ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት ያስራል። ሳድስ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ምልክት የለውም፤ አንዱ አንገቱን ይሰብራል፣ ሌላው ጎኑ ላይ ቅንጣት ያወጣል፣ ሌላው እግሩን ያጥፋል። በዚያ ላይ ድምፁም አንድ ወጥ አይደለም፤ «ክንፍ» ስንል «ክ» አጭር አናባቢ ሲኖራት «ን» እና «ፍ» ምንም የላቸውም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እንደ ሳድስ የሚበዛ የለም። ልጁ የወደቀው መንገዱ በጣም በሚሰበርበት፣ እግርም በጣም በሚበዛበት ቦታ ላይ ነበር።

ከሥራው በፊት የተጣራው

ንባብ የከበደውን ልጅ ፊደል ከማስቆጠር በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር ግድ ነው። እናቱ በዚያው ሳምንት ወስደው አስመረመሩት፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ቃል በጆሮው እየሰማ ወደ ቁራጭ ድምፆች እንዲከፍል ያደረግሁት የቃል ጨዋታም ብዙ አላስቸገረውም።

ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላው ነገር ከቤተሰቡ በንባብ የተቸገረ ሰው ይኖር እንደሆነ ነው፤ የንባብ ችግር በዘር ሐረግ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነውና። አባትየው «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ የለም» አሉ። አያትየው፣ የአባትየው እናት፣ እንጨት እየቆሰቆሱ ከምድጃው አጠገብ ነበሩ። ቀና ሳይሉ «የኔታ ዘንድ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ ላይ ሁለት ዓመት ቁጭ ያለው ማን ነበር ታዲያ?» አሉ። አባትየው ወደ ውጭ ወጡ። እኔም በዚያ ቀን ነገሩን አልገፋሁትም።

ንባብ መማርን በተለየ የሚያከብደው ችግር ስም፣ ዲስሌክሲያ፣ ከዚህ ጋር ይነሳል። ቃሉን በ1887 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠረው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ ዛሬ ግን ችግሩ ከዓይን በሽታም ሆነ ከአእምሮ ማነስ ጋር እንደማይገናኝ ይታወቃል። ፊደሉና ድምፁ በሚገባ በሚገጣጠሙባቸው ቋንቋዎች ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በተሳሳተ ንባብ ሳይሆን በዘገየ ንባብ ነው፤ የአቡሽም ሁኔታ ይህን ይመስላል። ይሁንና ስሙን የመለጠፍ ሥልጣን የእኔ አይደለም። ስሙ ኖረም አልኖረም በዚያ ሳምንት ልናደርገው የሚገባን ሥራ አይለወጥም ነበር። ደግሞም አቡሽ ብቻውን አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ዲስሌክሲያ አለበት ሊባል አይችልም፤ አብዛኛው ፊደሉን በወጉ ያላስተማርነው ነው።

እስከዚያ ድረስ በቤት ውስጥ የተሞከረው ሁለት ነገር ነበር። አባቱ አንድን ገጽ አሥር ጊዜ ያስገለብጡታል። ደብተሩን አይቻለሁ፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ፊደሉን ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ይሥለዋል፤ ሲገለብጥ አያነብም፣ ሥዕል ይሥላል እንጂ። ሁለተኛው በወር እየተከፈለው «ተከተለኝ» እያለ የሚያስጠናው ወጣት ነበር፤ ይህ ደግሞ የልጁን የመሸምደድ ችሎታ ይበልጥ አዳበረለት። ሁለቱንም እንዲያቆሙ ጠየቅሁ። አስጠኚውን ማቆም ቀላል ነበር፤ ቅጂውን ለማስቆም ግን አባትየውን ሁለት ጊዜ ማነጋገር አስፈልጎኛል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንጂ ከዚያ በላይ እንዳይሆን ተስማማን። ሰዓቱን ያገኙት እናቱ ናቸው። ማታ ከገበያ ሲመለሱ ለቤታቸው ቡና ያፈላሉ፤ ጀበናው ሦስት ጊዜ ይቀርባል፤ ስለዚህ ሥራውን በሦስት ከፈሉት። በአቦሉ ፊደል፣ በቶናው ቃልና ዓረፍተ ነገር፣ በበረካው እናት የሚያነቡበትና ልጅ የሚያዳምጥበት። እኔ በወረቀት ላይ ባወጣው ኖሮ እንዲህ የሚገጥም መርሐ ግብር አላወጣም ነበር። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነና እናትየው ደክሟቸው ስለሚገቡ እረፍት ተደረገ።

በአቦሉ ላይ ካርዶቹ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይቀርባሉ። በአንድ ሳምንት አራት ሳድስ ብቻ፣ ከየግዕዛቸው ጋር ተቀላቅለው፦ ት ከተ፣ ር ከረ፣ ን ከነ፣ ም ከመ። ልጁ እጁን ሰድዶ አንዱን ያወጣል፤ ሳይቆጥር ከለየው የእሱ ነው፣ ከቆጠረ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። እናቱም በተራቸው ያወጣሉ። መቁጠሩን የሚያጋልጠው አውራ ጣቱ ስለነበር መጀመሪያ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዲዘረጋ አደረግን፤ ሁለት ሳምንት ያህል በምላሱ ውስጥ ለውስጥ መቁጠሩን ቀጠለ፣ ከዚያ ለእነዚያ አራቱ ተወው። አሥራ ሁለት ሳድስ ለመጨረስ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ፈጀብን። ይህ ዘገምተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ ፈጥነን ብንሄድ ኖሮ እንደገና ወደ ዜማው ይመልሰን ነበር ባይ ነኝ።

በቶናው ላይ የነበረው ችግር የሚነበብ ነገር ማግኘት ነው። የክፍሉን መጽሐፍ እንዳንጠቀም በቃሉ ያውቀዋል። መፍትሔው ከአያቱ መጣ። አያቱ ማንበብ አይችሉም፤ ተረት ግን አያልቅባቸውም። እሳቸው «ተረት ተረት» ይላሉ፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ እህቱ ከተረቱ አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች። ልጁ ታሪኩን ስለሚያውቀው አይፈራውም። ነገር ግን ይህም ወጥመድ ነበረው፤ በሁለተኛው ቀን አቡሽ የጅቡንና የአህያዋን ተረት ወረቀቱን ሳያይ ወጣው። ስለዚህ እህቱ ዓረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ቆራርጣ ታደባልቃቸው፣ እሱ እያነበበ ቅደም ተከተላቸውን እንዲመልስ ታደርገው ጀመር። አንዳንዴም አንድ ቃል ሆን ብላ ትቀይርበታለች፤ «ጅቡ አህያዋን በላት» የነበረውን «ጅቡ አህያዋን ሳማት» ብላ ጽፋለት አያትየው ሳይቀሩ የሳቁበት ማታ ነበር። ቃሉን ለማየት የሚያስገድድ ሳቅ ከብዙ ቁጣ ይሻላል።

ሲሳሳት ምን እንደሚደረግም መወሰን ነበረበት። ቀድሞ ሲሳሳት የሚሰማው «አስብ እንጂ!» የሚለው ቃል ነበር፤ ልጁ የቸገረው ግን ማሰብ ሳይሆን ማየት ነው። እናቱ በልባቸው እስከ አምስት እንዲቆጥሩ፣ እስከዚያ ካልመጣለት ቃሉን ራሳቸው ነግረውት ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው እንዲደግመው እንዲያደርጉ ተስማማን። ከቁጥሩ ሁሉ የከበዳቸው ሦስት ላይ ሲደርሱ አፋቸውን መያዙ እንደነበረ ነግረውኛል።

በረካው ላይ እናትየው መጀመሪያ እምቢ አሉ። የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ንባባቸው የዘገየ ስለሆነ በልጃቸው ፊት አፈሩ። እኔ ደግሞ የፈለግሁት በትክክል ያንን ዘገምታ ነበር። ፈጥና የምታነበውን እህቱን የልጁ ዓይን ሊከተላት አልቻለም፤ እናቱ ግን ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ዓይኑ አብሯቸው ይሄዳል። የእህቱን የአማርኛ መጽሐፍ ከፍተው ጀመሩ። «ገና» የሚለው ቃል ጋ ደርሰው አጥብቀው ያነበቡትን ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ወደ ኋላ ተመልሰው አላልተው ሲያስተካክሉት አቡሽ «እማዬ፣ አንቺም ትመለሺያለሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። አዎ፣ ሁሉም ሰው ይመለሳል። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ስለማይለይ «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» የሚለዩት ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ልጁ መመለስን እንደ ሽንፈት ይቆጥረው ስለነበር፣ ይህች ጥያቄ እኔ ከነገርሁት ሁሉ የበለጠ ሠርታለታለች ብዬ አምናለሁ።

በገና ዕለት የሆነው

ሥራው በዚህ ሁኔታ እየሄደ ሳለ ገና ደረሰ። አባትየው ከአጋሮ የመጡ ወንድሞቻቸውን ጋብዘው ነበር። የጥር ሠርግ የሚጠራ ካርድ በእጃቸው ይዘው «ና እስቲ አቡሽ፣ አንብብላቸው» አሉት። ካርዱ በተጠማዘዘ የጌጥ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ከለመዳቸው የእህቱ ፊደላት ጋር ብዙም አይመሳሰልም። ልጁ የመጀመሪያው ቃል ላይ ቀረ። የሰባት ዓመት የአጎቱ ልጅ ካርዱን ከእጁ ወስዳ አነበበችው።

አባትየው ክፉ አስበው አልነበረም፤ የልጃቸውን መሻሻል አይተው ሊኮሩበት ፈልገው ነበር። በማግስቱ ግን ቆርቆሮው ጠፋ። ካርዶቹ ከአሥር ቀን በኋላ በከሰል ጆንያ ውስጥ ተገኙ። አቡሽ በእነዚያ ቀናት በአቦል ሰዓት ሆዴን አመመኝ እያለ ይተኛ ነበር፤ አንድ ወር ያህል ሥራም ወደ ኋላ ተመለሰብን። እኔም ጥፋት ነበረብኝ፤ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ስሠራ ለአባትየው ምንም ድርሻ ሳልሰጥ ቀርቼ ነበር። ድርሻ ያልተሰጠው አባት የሚያውቀውን አንድ ድርሻ፣ ፈታኝነትን፣ ወሰደ።

ከጥምቀት በኋላ አባትየውን ብቻቸውን አግኝቼ አነጋገርኋቸው። አያትየው የተናገሩትን አላነሣሁም፤ እሳቸው ራሳቸው አነሡት። የኔታ ፊት ቀርበው ሲያነቡ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይሄድባቸው እንደነበረ፣ ከስምንተኛ ክፍልም የወጡት በዚሁ ምክንያት እንደነበረ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ለአባት የሚሆን ሥራ ተገኘ። እሑድ እሑድ አቡሽን በባጃጁ ፊት ለፊት አስቀምጠው ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሲሄዱ የመንገድ ዳር ማስታወቂያዎችን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ሆን ብለው ያሳስታሉ፣ ልጁ ያርማቸዋል። «የወንዶች ፀጉር ቤት» የሚለውን «የወንዶች ፀሐይ ቤት» ሲሉ ልጁ ይጮኽባቸዋል። አቡሽ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አባዬ እኮ አንዳንዴ የምሩን ነው የሚሳሳተው» አለኝ። ለአባቱ እንዳይነግር ለመንሁት።

ትምህርት ቤቱ በጎ ምላሽ ሰጠን። የክፍል መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ተጠየቀ፦ ሳይዘጋጅ ተነሥተህ አንብብ እንዳይባል፣ ይልቁንም ሰኞ የሚያነበው አንቀጽ ዓርብ እንዲነገረው። መምህሩ ይህን እስከ ሰኔ ድረስ ጠበቀ።

ሦስት ጽሕፈት በአንድ ራስ

በጅማ የሚያድግ ልጅ በአንድ ጊዜ ሦስት ቋንቋ እንደሚማር ሳይነሣ የአቡሽ ጉዳይ አይሟላም። አማርኛን በፊደል፣ አፋን ኦሮሞን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ቁቤ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ቁቤ በተወሰደበት በዚያው የላቲን ፊደል ይማራል። ቁቤና እንግሊዝኛ መልካቸው አንድ ቢሆንም የአንዳንዶቹ ድምፅ ይለያያል። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚላት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፤ «ኤክስ» የሚላት ደግሞ «ጥ» ናት። አቡሽ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የድመት ሥዕል አጠገብ የተጻፈውን ቃል «ጫት» ብሎ አንብቦ ክፍሉን አሳቀ፤ «ሳጥን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ «ቦጥ» ብሎታል። ልጆቹ ሳቁ እንጂ ልጁ በቁቤ ሕግ አልተሳሳተም። እንዲያውም ከሠፈር ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት በሚናገረው አፋን ኦሮሞ ያለው ንባብ ከአማርኛው የተሻለ ነበር፤ በቁቤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍና የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ የሚቆጠር መደዳ የለውም።

ዘመዶች አንዱን ቋንቋ ቢተውለት ብለው መከሩ። እኔ አልተስማማሁም። የሚተወው ቋንቋ የጓደኞቹ ወይም የእናቱ ይሆናልና። የወሰንነው በቤት ውስጥ በአንድ ማታ አንድ ጽሕፈት ብቻ እንዲነካና እስከ ክረምቱ ድረስ የቤቱ ጉልበት በአማርኛው ላይ እንዲውል ነው።

በግንቦት የተለካው

በግንቦት መጨረሻ ካርዶቹን እንደገና አደባልቀን አሳየነው። ከ231 ካርዶች 219 ለየ፤ ከሳድሶቹ የሳታቸው አራት ናቸው። ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀውን አንቀጽ በስልክ ሰዓት ይዘን አስነበብነው፤ በጥቅምት በአንድ ደቂቃ ሰባት ቃል ያነበበው ልጅ በግንቦት 31 ቃል አነበበ። ካነበበው ላይ ከጠየቅሁት አምስት ጥያቄ አራቱን መለሰ። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ዘገምተኛ ነው። ጽሕፈቱ ደግሞ ከንባቡ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሲጽፍ ሳድሱን በግዕዙ ይተካዋል፣ «ብርቱካን» ለማለት «በረቱካነ» ብሎ የጻፈበት ደብተር በእጄ አለ። አውራ ጣቱም ሲደክመው ወይም እንግዳ ሰው ሲያየው አልፎ አልፎ ወደ አንጓዎቹ ይመለሳል።

ከቁጥሩ ውጭ ያየሁት አንድ ነገር አለ። በግንቦቱ ልኬት ቀን ሥዕሉን ሸፍኜ ከገጹ መካከል አንድ መስመር ስጠቁመው «ከላይ ልጀምር?» አላለኝም። ጣቱን ቃሉ ላይ አሳርፎ ጀመረ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ «ቆይ» ብሎ ተመለሰ።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ እናትየው በመጪው ዓመት የሚያሰጋቸው እንግሊዝኛው እንደሆነ ነገሩኝ። እህቱ አዲስ ካርዶች ቆርጣ የጋራ መልክ ያላቸውን የላቲን ፊደላት በሁለት ቀለም ጻፈቻቸው፤ የቁቤው ድምፅ በአረንጓዴ፣ የእንግሊዝኛው በሰማያዊ። የድመቷና የሳጥኑ ቃላት በሰማያዊው ክምር አናት ላይ ናቸው፤ ቆርቆሮውም ለጊዜው ያው የወተት ዱቄቱ ነው።